የሒሳብ መጽሐፍ እኛ ቤት የሚያድረው ሐሙስ ሐሙስ ነው፣ እናንተ ጋ እንዴት ነው?

የሐሙስ_ተረኛ
ሰላም ለዚህ ቤት። ልጄ ዘንድሮ 7ኛ ክፍል ናት፣ የመንግሥት ትምህርት ቤት። የትምህርት ቤቱንም የከተማውንም ስም አልጽፍም ልጅቷ ላይ ቂም እንዳይያዝባት፣ ከአዲስ አበባ ውጪ መሆኑን ብቻ ያዙልኝ። የሒሳብ መጽሐፍ ለአራት አንድ ነው የተሰጣቸው። ልጆቹ ራሳቸው ተራ አውጥተው ሰኞ አንዷ ጋ ያድራል፣ ማክሰኞ ሌላው ጋ፣ እያለ እያለ የኔዋ ሐሙስ ነው የሚደርሳት፣ ቅዳሜና እሁድ ደግሞ በአራት ሳምንት አንዴ። ሐሙስ ማታ እኛ ቤት ቴሌቪዥን አይከፈትም፣ እንግዳም ባይመጣ ደስ ይለኛል። ልጅቷ መልመጃውን ወደ ደብተሯ ስትገለብጥ ታመሻለች፣ መሥራት አላልኩም እኮ መገልበጥ ነው ያልኩት፣ መሥራቱ ለሌላ ቀን ነው ምክንያቱም አርብ ጠዋት መጽሐፉ ይሄዳል።

ባለፈው ሐሙስ መብራት ጠፋ። ስልኬን አብርቼ ከላይዋ ቆምኩላት፣ እጄ ሲዝል ታናሽ ወንድሟ ተቀበለኝ፣ እሱም ያው ልጅ ነው እንቅልፉ መጣና መብራቱ ከደብተሩ ወደ ግድግዳው ሄደ፣ እሷ ቱግ ብላ መታችው፣ እሱ አለቀሰ እሷም አለቀሰች። ያን ጊዜ ነው እዚህ ልጻፍ ያልኩት።

ሌላም ነገር አለ። መጽሐፉ ከገጽ 33 እስከ 48 የለውም። ሆምሩም ቲቸሯ "ቀድዳችሁት ነው፣ ሰኔ ላይ አራታችሁም ትከፍላላችሁ" ብላቸዋለች። የኔዋ እናቴ ትሙት አልቀደድንም እያለች ነው (እናትየው እኔ ነኝ እንግዲህ)። የት ነው የሚገዛው? ማንንስ ነው የሚጠየቀው?

የ12ኛ_ተፈታኝ
እትዬ ቴሌግራም ላይ ፒዲኤፉ በነፃ አለ እኮ፣ እኔ ሁሉንም ስልኬ ላይ ነው የጫንኩት። ግን የክልልዎን መሆኑን አይተው ያውርዱ፣ እስከ 8ኛ ያለውን እያንዳንዱ ክልል ነው የሚያዘጋጀው፣ ፌዴራል አንድ ዓይነት የሚሆነው ከ9 እስከ 12 ነው። እኔ እህቴን ሳስጠና የሌላ ክልል አውርጄላት ምዕራፉ ሁሉ አልገጥም ብሎ ሁለት ቀን ተጨቃጨቅን።

የሐሙስ_ተረኛ
ተባረክ ልጄ። ሞክረነዋል፣ ስማርት ስልክ ቤት ውስጥ አንድ ነው እሱንም አባቷ ለሥራ ይዞት ይወጣል። የማታ ማታ ሲመጣ ቻርጁ አልቆ ነው። ደግሞ ሥዕል ያለበትን ገጽ ስታጎላው ጥያቄው ከስክሪኑ ይወጣል፣ ጥያቄውን ስታመጣ ሥዕሉ ይሄዳል።

ዝም_አልልም
ለመናፈሻ ለመብራት ለፏፏቴ ብር አለ፣ ለ7ኛ ክፍል ሒሳብ የለም። ከዚያ 12ኛ ክፍል ላይ 3.3 በመቶ ብቻ አለፈ ብሎ መግለጫ። ምን ይጠብቁ ነበር?

ጠመኔ_በእጄ
@ዝም_አልልም ንዴትህ ንዴቴ ነው ግን ሁለቱን አትደባልቅ። 3.3 በመቶው የ2014 ተፈታኞች ውጤት ነው፣ እነሱ የተማሩት በድሮው ካሪኩለም በድሮው መጽሐፍ ነው፣ ያን ጊዜ ደግሞ ብዙ ቦታ መጽሐፍ ነበር። በ2015ም 3.2፣ በ2016 5.4 ነው የሆነው። የውጤቱ ጉዳይ ብዙ ጣጣ አለበት፣ ከ1ኛ ክፍል የማንበብ ችግር ጀምሮ ኩረጃው እስከተዘጋበት ድረስ። መጽሐፍ ቢኖር ሁሉም ያልፋል የሚል ካለ ክፍል ገብቶ አያውቅም።

እህቴ ወዳንቺ ልመለስ። 14 ዓመት አስተምሬያለሁ፣ ሁለቱንም ዘመን አይቻለሁ። በ2001 ጂኪፕ የሚባለው የትምህርት ጥራት ፕሮግራም ከመጣ በኋላ፣ የዓለም ባንክና ሌሎችም ገንዘብ ያዋጡበት፣ አንድ መጽሐፍ ለአንድ ተማሪ የሚለው ነገር ቀስ በቀስ እውነት እየሆነ ነበር። ሁሉም ቦታ ሁሉም ትምህርት አልልሽም ግን እኔ ጋ ባዮሎጂ ተርፎ ነበር። ከዚያ አዲሱ ካሪኩለም መጣ፣ ከ2015 ጀምሮ። ካሪኩለሙ መቀየሩን አልቃወምም ይዘቱ ተጨናንቆ ነበር፣ ግን በአንድ ክረምት ያ ሁሉ መጽሐፍ ወረቀት ሆነ፣ አዲሱ ደግሞ አልደረሰም። የድሮው አሁንም ስቶራችን ውስጥ እስከ ጣሪያ ተደርድሯል፣ አይጥ ናት የምትማርበት።

ክፍሌ ውስጥ 68 ልጅ አለ። ክፍለ ጊዜው 40 ደቂቃ ነው። መጽሐፍ ስለሌለ ጥያቄውን ሰሌዳ ላይ እጽፋለሁ፣ 15 ደቂቃ ሄደ። የኋላዎቹ አይታየንም ይላሉ፣ አነብላቸዋለሁ፣ 5 ደቂቃ። ገልብጠው ቀና ሲሉ ደወል። የቤት ሥራ ልስጥ ብል ከምን ላይ? ፈተና ሲደርስ ወረቀት የለም ስለሚሉን ጥያቄውን በቃል የማስጽፍበት ጊዜ አለ፣ "ተራ ቁጥር አንድ፣ ከሚከተሉት ውስጥ" እያልኩ፣ ድምፄ ሲዘጋ የክፍል አለቃው ይቀበለኛል። ጠመኔም ራሴ ገዝቼ በኪሴ ይዤ የገባሁበት ወር አለ፣ ስሜ ከዚያ ነው የመጣው።

ቨርጂኒያ_ነኝ
እያነበብኩ አለቀስኩ። እዚህ የልጆቼ ትምህርት ቤት በየዓመቱ መጽሐፍ ያስወግዳል፣ አዲስ የሚመስል። እኛ ቤተ ክርስቲያን ያለን ሰዎች ተባብረን በካርቶን ብንልክ ምን ይመስላችኋል?

ጠመኔ_በእጄ
ልብሽ ይባረክ ግን የመማሪያ መጽሐፍ አትላኪ። ከዚህ በፊት አንድ ቦታ ስሠራ በኮንቴይነር መጥቶልን ነበር፣ ስለ አሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት የሚያወራ የ5ኛ ክፍል መጽሐፍ 200 ኮፒ። ለርክክቡ ሥነ ሥርዓት ባነር ተሰቅሎ ፎቶ ተነሳንበት፣ ከዚያ የርዕሰ መምህሩ ቢሮ በር እንዳይዘጋ ድጋፍ ሆነ። የተረት መጽሐፍ ከሆነ፣ በተለይ ሕፃናቱ በሚናገሩት ቋንቋ የታተመ፣ ሌላ ነገር ነው። ዮሐንስ ገብረጊዮርጊስ ኢትዮጵያ ሪድስ የሚባለውን የልጆች ንባብ ድርጅት ይዘው ሀዋሳ ላይ በአህያ ጋሪ መጽሐፍ እያዞሩ ልጆች ያስነበቡትን አስታውሺ። ለክፍል ትምህርት ግን ካሪኩለሙ የሚለውን ራሱን ነው የምንፈልገው። የመላኪያውን ብር ብቻ ብትልኩ እዚሁ ስንት ፎቶ ኮፒ ይሠራል መሰለሽ።

ቀለምና_ወረቀት
ማተሚያ ቤት ነው የምሠራው፣ የትኛው እንደሆነ ይቅር። ሰው "ማተም ምን ይከብዳል" ሲል ስለምሰማ ትንሽ ላውራ። አገሪቱ ላይ ከ20 ሚሊዮን በላይ ተማሪ አለ። ለአንድ ልጅ 8 መጽሐፍ ብላችሁ አስሉት፣ 160 ሚሊዮን መጽሐፍ ነው። ብርሃንና ሰላም ከ1914 ጀምሮ ያለ ትልቅ ቤት ነው፣ ግን እሱንም ሌሎቻችንንም ደምራችሁ ይሄን በአንድ ክረምት አውጡ ብትሉን አንችልም። ለዚህ ነው ብዙው በጨረታ ውጭ አገር የሚታተመው፣ ከዚያ በመርከብ ጅቡቲ፣ ከጅቡቲ በከባድ መኪና። እዚህ ቢታተምም ወረቀቱ ቀለሙ ፕሌቱ ሁሉም በዶላር ነው የሚመጣው። ሐምሌ 2016 ላይ ምንዛሬው ሲለቀቅ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር ከ100 አልፎ ሄደ። በፊት በነበረው ዋጋ ጨረታ ያሸነፈ ሰው ምን እንደሚሰማው አስቡት። ደግሞ በየቋንቋው ነው፣ የተናጋሪው ቁጥር ያነሰ ቋንቋ የሚታተመው ኮፒ ትንሽ ስለሆነ የአንዱ ዋጋ ይወደዳል፣ ስለዚህ ወረፋው መጨረሻ ላይ የሚቀረው እሱ ነው። ይሄ ነገር ሁሌ ያናድደኛል።

@የሐሙስ_ተረኛ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ከ33 እስከ 48 ነው ያልሽው? በትክክል? 32 አለ 49 አለ?

የሐሙስ_ተረኛ
አዎ በትክክል። ልጅቷ በቃሏ ነው የምታውቀው፣ ምዕራፍ 2 መሃል ላይ ተቋርጦ ሌላ ነገር ይጀምራል ትላለች።

ቀለምና_ወረቀት
እንግዲያው አልቀደዱትም። መጽሐፍ አንድ በአንድ ገጽ አይደለም የሚታተመው፣ ትልቅ ወረቀት ላይ ይታተምና ይታጠፋል፣ አንዱ እጥፋት ብዙ ጊዜ 16 ገጽ ነው። ከ1 እስከ 16 አንድ፣ ከ17 እስከ 32 ሁለተኛው፣ ከ33 እስከ 48 ሦስተኛው። ከዚያ እጥፋቶቹ በተራ ይሰበሰቡና ይጠረዛሉ። ሲሰበሰብ ሠራተኛው ወይ ማሽኑ አንዱን ዘለለው፣ በቃ። ልጅ ቢቀድድ 37ን ይቀድዳል፣ 41ን ይቀድዳል፣ እንዲህ አስተካክሎ ሙሉ እጥፋት አይቀድድም።

ሐሙስ መጽሐፉ ሲመጣ 32 እና 49 መሃል በደንብ ክፈቺና ጀርባው ጋ ተመልከቺ። የተቀደደ ከሆነ እንደ ጥርስ የቀረ ቁራጭ ወረቀት ታያለሽ። ምንም ከሌለ የማተሚያ ቤት ጥፋት ነው፣ ያንን ደግሞ ርክክብ ላይ አይተው መመለስ የነበረባቸው ተቀባዮቹ ናቸው። የ12 ዓመት ልጅ ምን በወጣት ትከፍላለች።

ዝም_አልልም
ወይኔ። ይሄንን አስተያየት ሺ ጊዜ ላይክ ባደርግ። እኔ በ6ኛ ክፍል ከፍያለሁ፣ አባቴ ገርፎኛልም። አሁን ልደውልለት ነው።

ወልድያ_ማዶ
እናንተ ለአራት አንድ ትላላችሁ፣ እኛ ጋ ጦርነቱ ካለፈ በኋላ ስንመለስ ዴስኩ ለማገዶ ሆኗል፣ ሰሌዳው የለም፣ ስቶሩ ተሰብሮ መጽሐፍና የተማሪ ሮስተር ተደባልቆ ግቢው ውስጥ ዝናብ ይመታዋል። ከጭቃው እየለቀምን ጣሪያ ላይ አሰጣነው። ልጆቹ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ተማሩ። ከዚያ ዓመት ሁለት ልጆች አሁን ዩኒቨርሲቲ ናቸው፣ እንዴት እንደሆነ አትጠይቁኝ። ማወዳደሬ አይደለም እህቴ፣ አንቺ ጋ መንገድ ክፍት ከሆነ መብትሽን ጠይቂ ለማለት ነው። ዛሬም መንገድ ስለተዘጋ ብቻ መጽሐፍ ከዞን ወደ ወረዳ የማይገባበት ቦታ አለ።

ሞዴል22
እኔ ጡረተኛ ነኝ፣ 22 ዓመት ንብረት ክፍል ሠርቻለሁ፣ ትምህርት ቤትም ወረዳም። ሁላችሁም ስለ ማተም ታወራላችሁ፣ ልክ ነው፣ ግን ማንም ያላነሳው አንድ ነገር አለ እሱን የምነግራችሁ እያፈርኩ ነው። የታተመውስ መጽሐፍ የት ነው ያለው?

መጽሐፍ ሲመጣ በሞዴል 19 ገቢ አደርገዋለሁ፣ ሳወጣ በሞዴል 22 ወጪ። ኦዲተር መጥቶ ሁለቱን ያስተያያል። የጎደለ ካለ ከእኔ ነው። አንድ ዓመት 37 መጽሐፍ ጎደለ፣ መምህራን ፈርመው ወስደው አልመለሱም፣ ልጆች ከአገር ወጡ፣ አንዳንዱ ሞተ፣ ምን ላድርግ፣ አራት ወር ከደሞዜ ተቆረጠ። ከዚያ ወዲህ መጽሐፍ ስጥ ስባል ጥርሴን እንደሚነቅሉኝ ነው የሚሰማኝ። ርዕሰ መምህሩ 300 ስጥ ካለኝ 150 እሰጥና "ሌላውን ለመጠባበቂያ" እላለሁ። እሱም ዝም ይላል፣ ሲለቅ የሚጠየቀው የንብረት ማስረከቢያ ክሊራንስ ሲመጣ እሱንም ስለሚይዘው። መጽሐፉ ካርቶኑ ሳይፈታ ዓመቱ ያልቅና ሰኔ ላይ ቆጠራ ሲመጣ ሙሉ ነው፣ ጎበዝ ስቶር ኪፐር ይሉኛል፣ አንድ ጊዜ ሰርተፍኬት ሁሉ ተሰጥቶኛል። በ22 ዓመት አንድ ኦዲተር "ይሄ መጽሐፍ ለምን አልተበላሸም?" ብሎ ጠይቆኝ አያውቅም።

ሌላው ወረዳ ላይ የሚቀረው ነው። ከዞን እስከ ወረዳ መኪና አለው፣ ከወረዳ እስከ ትምህርት ቤቱ ያለውን ግን ትምህርት ቤቱ ራሱ መጥተህ ውሰድ ይባላል። በምን? ስኩል ግራንቱ፣ ለትምህርት ቤቱ የሚላከው ድጎማ፣ ካልመጣ ለጋሪ የሚከፈል ብር የለም። 9 ኪሎ ሜትር መንገድ ላይ ብቻ መጽሐፍ ሦስት ወር የቆየበትን አውቃለሁ፣ የቆለፍኩት እኔ ስለነበርኩ።

ጠመኔ_በእጄ
ጋሼ እውነቱን ስለነገሩን እናመሰግናለን ግን ተናደድኩ አልዋሽም። ስንት ዓመት ስቶር በር ላይ ቆሜ ስለምን "የለም" ተብያለሁ።

ሞዴል22
ልክ ነህ መምህር። "የለም" ስልህ "ለአንተ የለም" ማለቴ ነበር።

የሐሙስ_ተረኛ
እኔ አሁን ምን ላድርግ ታዲያ ጋሼ?

ሞዴል22
ብቻሽን አትሂጂ፣ ተቆጥተሽም አትሂጂ። የወላጅ ኮሚቴ ውስጥ የምታውቂው ሰው አይጠፋም፣ እሱን ያዢና አምስት ስድስት ወላጅ ሁኑ። ዳይሬክተሩን "መጽሐፍ ለምን የለም" አትበሉት፣ አልተላከልንም ብሎ ይሸኛችኋል። "ዘንድሮ የ7ኛ ክፍል ሒሳብ በሞዴል 19 ስንት ገባ፣ በሞዴል 22 ስንት ወጣ" በሉት። ይሄን ቁጥር የሚጠይቅ ወላጅ አይቶ አያውቅም። ከዚያ ደግሞ ስቶር ኪፐሩን አታዋርዱት፣ "ከጠፋ እኛ ወላጆች እንፈርማለን" በሉት። እሱ የሚፈልገው ጭነቱን የሚጋራው ሰው ብቻ ነው።

ቨርጂኒያ_ነኝ
ጋሼ ስለ ጋሪው ኪራይ በውስጥ መስመር ልጽፍልዎ? ዘጠኝ ኪሎ ሜትር ስንት ይፈጃል?

አወያይ
የባንክ ቁጥር እዚህ ክር ላይ አትለጥፉ በናታችሁ፣ ባለፈው የደረሰውን ታውቃላችሁ። በውስጥ ተጻጻፉ፣ ሰውየውን አረጋግጡ።

የ12ኛ_ተፈታኝ
እኔ የምለው፣ አዲስ አበባ ከ2012 ጀምሮ ለመንግሥት ትምህርት ቤት ልጆች ደብተርም ዩኒፎርምም ይሰጣል፣ ምገባም አለ። ክልል ላይ ለምንድነው የማይሆነው?

ዝም_አልልም
በጀት ነዋ ታናሼ። አዲስ አበባ የራሷ ገቢ አላት። እኛ ወረዳ ላይ ከበጀቱ አብዛኛው ደሞዝ ነው፣ የተረፈችው ለነዳጅና ለስብሰባ ውሃ ናት።

የሐሙስ_ተረኛ
ተመለስኩ። ረጅም ነው ታገሱኝ።

ሐሙስ ማታ መጽሐፉ መጣ፣ በመስኮቱ ብርሃን 32 እና 49 መሃል ከፈትነው። ምንም የለም! ቁራጭ የለም ጥርስ የለም። ልጅቷ ዘላ ሦስቱ ጓደኞቿ ጋ ሮጠች፣ በጨለማ፣ ከኋላዋ እየጮኽኩ።

አርብ ጠዋት አሥራ አንድ ወላጅ ሆነን ሄድን። ስድስት ነበር ያሰብነው፣ መንገድ ላይ በዛን። ዳይሬክተሩ መጀመሪያ ስብሰባ አለኝ አለ። አንድ አባት፣ ሹፌር ነው፣ "ሞዴል 19 ስንት ገባ" ሲለው ሰውየው ቀና ብሎ አየው፣ "ኦዲት ነህ?" አለው። ተሳቅን፣ እሱም ሳቀ፣ ከዚያ በኋላ ነገሩ ቀለለ። ስቶር ኪፐሯ ሴት ናት፣ ቢን ካርዱን፣ ገቢና ወጪ የሚመዘገብበትን ካርድ፣ አመጣች፣ 240 ገብቶ 96 ወጥቷል ይላል። እኔ እንኳን መቀነስ አልወድም ግን ያን ጊዜ ወዲያው ደረስኩበት፣ 144 መጽሐፍ እዚያው በር ጀርባ ነበር። ለመጠባበቂያ ነው አለች፣ ልክ እንደ ጋሼ አባባል ቃል በቃል። እንፈርማለን አልናት። "ሁላችሁም?" አለች። ሁላችንም አልን። ቁልፉን እያወጣች እጇ ይንቀጠቀጥ ነበር፣ እውነቴን ነው አሳዘነችኝ፣ ከኔ ትንሽ ነው የምትበልጠው።

ሒሳብ አሁን ለሁለት አንድ ሆነ። የገጽ ጉዳይን ስናሳያቸው የታሸገ ካርቶን ፈትተው አዩ፣ እዚያም ውስጥ 33 የሌለው 7 መጽሐፍ ተገኘ፣ ማንም ያልነካው። ሆምሩም ቲቸሯ ልጆቹን ክፍል ውስጥ ይቅርታ ጠየቀቻቸው፣ ይሄንን ሳላደንቅ አላልፍም። እንግሊዝኛ ግን የለም፣ እሱ እውነተኛ የለም ነው፣ ካርዱም ላይ ዜሮ ነው። ወረዳ እንሄዳለን ተባብለናል ማክሰኞ፣ ሹፌሩ ካለ በመኪናዬ አመጣዋለሁ ብሏል።

ትናንት ማታ መጽሐፉን በሲሚንቶ ወረቀት ለበድንላት። ሐሙስ አልነበረም።

ሞዴል22
144። እኔ 150 ነበር የማስቀረው።

ጠመኔ_በእጄ
የሚገርመው እኔም ሰኞ ስቶራችንን ልጠይቅ ነው። ባልደረቦቼ ቢን ካርድ የሚባል ነገር መኖሩን አያውቁም፣ እኔም እስከ ዛሬ አላውቅም ነበር።

አዲስ_ገቢ
ሰላም፣ ዛሬ ነው የተመዘገብኩት ይሄን ክር አይቼ። የልጄ የ7ኛ ክፍል ጄኔራል ሳይንስ ከ65 እስከ 80 የለውም፣ ክፈሉ ተብለናል። ይሄስ?

ቀለምና_ወረቀት
አምስተኛው እጥፋት ነው። አትክፈሉ።